የሠርግ ቡፌ ላይ የታተመ ሜኑ ያስፈልጋል ወይስ ትርፍ ወጪ ነው? (ክርክር)

የቡድኑ ጥያቄ፦ ጥር ደረሰ፤ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልድያ ላይ ድንኳን የሚጣልበት ወቅት ነው። ከጥሪ ካርዱ ጋር አብረው የቡፌ ሜኑ የሚያሳትሙ ደጋሾች አሉ፤ አንዳንዱ በየወንበሩ፣ አንዳንዱ በየጠረጴዛው ያስቀምጠዋል። ይጠቅማል ወይስ ወረቀት ማባከን ነው? ለስሌት እንዲመች 400 እንግዳ፣ 10 ሰው የሚያስቀምጥ 40 ጠረጴዛ እንበል። በሥራው ያላችሁ ምክንያታችሁን በዝርዝር አምጡ። «እኛ ሠርግ ላይ እንዲህ ሆኖ ነበር» የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሸርፍ ተራ፦ አያስፈልግም። ምግብ ቤት ሜኑ የሚሰጠው እንግዳው መርጦ እንዲያዝና ዋጋውን እንዲያውቅ ነው። ቡፌ ላይ የሚታዘዝም የሚከፈልም የለም፤ ምግቡ ፊቱ ተደርድሯል፣ አይቶ ያነሳል። ደግሞ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ቃል ነው። ሜኑው የሚታተመው ሠርጉ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው፣ በሬው የሚጣለው ደግሞ ዋዜማውን ነው፤ በመሃል ስንት ነገር ይለወጣል። ዶሮን ውሰዱ። አንድ ዶሮ በደንቡ 12 ብልት ይወጣዋል። 400 ሰው አንዳንድ ብልት ይድረሰው ካላችሁ 34 ዶሮ ይታረዳል፣ 400 እንቁላል ይቀቀላል። ታዲያ ቡፌ ላይ ማን አንድ ብልት ብቻ ያነሳል? ከሰዉ ግማሹ ሁለት ሁለት ካነሳ፣ ያ ሁሉ ዶሮ 270 ሰው ላይ ያልቃል። ቀሪው 130 ሰው «ዶሮ ወጥ» የሚል ወረቀት ይዞ ባዶ ብረት (ወጡ የሚቀርብበትን ባለክዳን የቡፌ ዕቃ) ያያል። ወረቀቱ ባይኖር ዶሮ መኖሩንም ባላወቀ ነበር።

ሐይቅ ዳር፦ ወንድምዓለም፣ የዶሮው ስሌት ልክ ነው። መድኃኒቱ ግን ጭልፋ ይዞ የሚያወጣ ሰው ዶሮው ላይ ማቆም ነው፤ በእንግዳው እጅ ከተተወማ 60 ዶሮም አይበቃ። «አይቶ ያነሳል» ያልከውን ግን አልቀበልህም። ዐይን የማይለየው ምግብ አለ። ቅቤ የገባበት ሽሮና በዘይት የተሠራ ሽሮ ጎን ለጎን አስቀምጥና ለይልኝ። ምስሩም፣ ጎመኑም፣ የድንች አልጫውም እንደዚያው ነው። ሠርጉ እሑድ ስለሆነ ጾም የለም ትላላችሁ፤ መልሱ ረቡዕ ላይ ከዋለስ? የነነዌ ጾም ሰኞ ይገባል፤ በዋዜማው ሠርግ ተደግሶ ማግሥቱን ቅልቅል ቢኖርስ? በዚያ ላይ በወሎ ሠርግ ከጾሙ ጠረጴዛ የሚበላው ጿሚ ብቻ አይደለም። ክርስቲያን ቤት የተጠራ ሙስሊም ለብቻው የታረደለት ከሌለ የሚያነሳው ከጾሙ ነው፤ ሙስሊም ቤት የተጠራ ክርስቲያንም እንዲሁ። የሁለቱ ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። ጿሚው የሚጠይቀው ቅቤውን ነው። የሌላውን እምነት ሥጋ ሽሽት ከጾሙ የሚያነሳው ቅቤው አያሳስበውም፤ «ጎመኑ ላይ የሥጋ መረቅ ጠብ ብሎበታል ወይ?» ነው የሚለው። ይኼንን ደግሞ ከድስቱ በላይ ቆሞ ማንም በዐይኑ አያውቅም።

ጦሳ ሥር፦ የደሴን ብርድ ረሳችሁት። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጥር ምሽት፣ ክዳኑ የተከፈተ ወጥ ብዙም ሳይቆይ ቅቤው ፊቱ ላይ ይረጋል። ስለዚህ ክዳን ይዘጋል። ከተዘጋ ደግሞ እንግዳው የሚያየው ስም የሌለው የብረት ሣጥን ድርድር ነው፤ እያንዳንዱን ከፍቶ ያያል፣ ይዘጋል፣ ኋላው ያለውም መልሶ ይከፍታል። አንድ ሰው ለመክፈትና ለመጠየቅ 10 ሰከንድ ብቻ ቢያጠፋ፣ 400 ሰው 4,000 ሰከንድ ነው። በአንድ ሰልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በሁለት በኩል ካስነሣችሁ 33 ደቂቃ። በተከፈተ ቁጥርም ሙቀቱ ይሄዳል። ከሥር የማሞቂያው ጄል ቢነድም ከወጡ ብረት ሥር ባለው የውሃ ዕቃ ላይ ቀድሞ የፈላ ውሃ ካልተደረገበት የወረደውን ሙቀት መልሶ አያመጣውም፤ ወጥ ከ60 ዲግሪ በታች ሆኖ ሁለት ሰዓት ካለፈው ደግሞ ማግሥቱን ሆድ ቁርጠት ነው። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ በቀን ከደገሳችሁ ክዳኑን ከፍቶ መተው ይቻላል። ያኔ ጣጣው ዝንቡ ነው።

ሸርፍ ተራ፦ እናንተ የምትሟገቱት ለሜኑ ሳይሆን በየምግቡ ፊት ለሚቀመጥ ስም ነው። ለእሱ መቼ ተቃወምኩ? እኔ ያልኩት በወርቃማ ቀለም የሙሽሮቹ ስም ተጽፎበት በየወንበሩ የሚቀመጠውን ነው። እንግዳው ተቀምጦ ያነበዋል፣ ያጣጥፈዋል፣ ወንበሩ ላይ ትቶት ይነሳል። ሰልፉ ላይ ሲደርስ ሦስተኛው ብረት ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አሁንም አያውቅም።

ወረቀትና ቀለም፦ ልዩነቱን በወረቀት ላስላው። በየወንበሩ የፖስታ ካርድ ያህል (ኤ6) ካደረጋችሁት 400 ካርድ፣ 100 ሉክ ኤ4 ይበላል። በየጠረጴዛው እንደ ድንኳን ታጥፎ የሚቆም ከሆነ ከአንድ ኤ4 ሁለት ይወጣል፤ 40 ካርድ በ20 ሉክ። በየምግቡ ፊት ብቻ ከሆነ፣ 14 ዓይነት ምግብ በሁለት ሰልፍ 28 ካርድ፣ 14 ሉክ ይበቃል። ዋጋውን ከዚያው ገምቱ።

ሥራው ላይ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንደኛ ፊደል፦ በፓወር ግዕዝ ተጽፎ በዎርድ ፋይል የመጣ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ተዝረክርኮ ይወጣል፣ ወይም የመስመሩ አጣጣል ይናጋል። በፒዲኤፍ ላኩ፣ ወይ ፎቶ አድርጋችሁ ላኩ። ሁለተኛ ቀለም፦ በውሃ ቀለም ፕሪንተር የታተመ ካርድ ቡፌ ላይ አይውልም። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከውስጡ የተጠራቀመው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ «አልጫ» የሚለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰማያዊ ዝርግ ነው። በሌዘር የታተመ ውሃ ቢነካውም ቀለሙ አይሟሟም። ሦስተኛ ወረቀት፦ 80 ግራሙ ተራ ወረቀት በእንፋሎት ልሞ ይወድቃል፤ 200 ግራምና ከዚያ በላይ አድርጉት። ላሚኔት እናድርገው ለምትሉ፣ የሚያብረቀርቀው ላስቲክ በቪዲዮ መብራት ነጭ ብልጭታ ብቻ ሆኖ ይታያል፣ አይነበብም። የፊደሉ ቁመት ከአውራ ጣት ጥፍር ካነሰ ደግሞ ባታትሙት ይሻላል።

ካርዱ የሚቆምበትም ቦታ አለው። ከብረቱ ጀርባ ካቆማችሁት ክዳኑ ሲከፈት ይሸፍነዋል፤ ፊት ለፊቱ ካቆማችሁት ወጥ ይፈስበታል። ሰልፉ ከሚመጣበት በኩል፣ ከብረቱ ጎን ይቁም፤ ሰውየው ጭልፋውን ሳይነካ እንዲያነበው።

እናት ጓዳ፦ ልጆቼ፣ ካርዱ እውነት የሚሆነው ጭልፋው ቦታውን እስካልለቀቀ ነው። ምንቸት አብሽ ውስጥ የገባ ጭልፋ ሽሮው ውስጥ አንዴ ከተነከረ «የጾም» የሚለው ጽሑፍ ውሸት ሆነ። የሚያጠፋው ደግሞ እንግዳው ነው፤ የሽሮው ጭልፋ ሩቅ ሲሆንበት በእጁ ባለው ይቀዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ብረት የራሱ ጭልፋና ጭልፋው የሚያርፍበት ሰሐን ይኑረው። የጾሙ ከእንጀራው ቀጥሎ ይቅደም፣ የፍስኩ ይከተል። ከተገለበጠ ሰው በቅቤ የነካካውን ሰሐን ይዞ ጾሙ ላይ ይጎነበሳል፣ ይንጠባጠባል።

ሌላው የማታዩት ጓዳው ነው። ቡፌው ላይ ያማረ ካርድ ትደረድራላችሁ፣ ከኋላ ግን ሁለቱ የሽሮ ድስት አንድ ዓይነት ናቸው። ሰልፉ ሲበረታ «ሽሮ አለቀ!» ይባላል፣ የሚላላከው ልጅ እጁ ላይ የመጣለትን ድስት አንስቶ ይገለብጣል። በየድስቱ ጆሮ ላይ ክር እሰሩ፣ ያንኑ ክር ጭልፋው እጀታ ላይ ድገሙት። አረንጓዴ ለጾም፣ ቀይ ለፍስክ። ልጁ ማንበብ ባይችልም ክሩን ከክር ያገናኛል።

ቦርከና፦ እናቴ፣ አረንጓዴውን ለጾም ከሰጡት እኛ ምን ልንይዝ ነው? 😄 ከምር ግን፣ አረንጓዴ ያየ ሙስሊም «የእኛ ነው» ብሎ ሊያነሳ ይችላል። ቢጫ ያድርጉት።

ሥጋውን በተመለከተ ካርድ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሁለት ቦታ የታረደ ከሆነ ጠረጴዛው፣ ቢላዋው፣ መክተፊያው፣ ሰሐኑ ሁሉ ይለያል፤ በአንድ ረድፍ ላይ ካርድ ጣል አድርጎ «ይኼ የእናንተ፣ ያ የእነሱ» ማለት አይሆንም። ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበትማ ይብሳል፤ የተሰቀለ ብልት የማን እንደሆነ በመልኩ አይናገርም። እዚያ የደረሰ ሽማግሌ ካርዱን አያነብም፣ «ማን ባረከው?» ብሎ ነው የሚጠይቅ። መልስ የሚሰጥ፣ ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ይቁም።

መጠጡን ደግሞ አንዳችሁም አላነሣችሁትም። ጠላና ቀሪቦ አንድ ዓይነት ጆግ ውስጥ ገብተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከተቆላ እህል የሚመጣ ጥቁረት አላቸው። ጠላው ጌሾ አለው፣ የማይጠጣ ሰው የሚመርጠው ቀሪቦ ግን የለውም። የማይጠጣ ሰው ሳያውቅ ጠላ መጎንጨቱ ጎመን ላይ ጠብ ካለው መረቅ አይተናነስም። ከሁሉም ምግብ በፊት ስም ሊለጠፍበት የሚገባው ጆጉ ነው። ቀሪቦውም ቢሆን እርሾ ስላለበት ዋዜማ ማታ ተጠምቆ ለማግሥቱ ይቅረብ፤ ቀናት ካደረ እየፈላ ሄዶ እሱም «ቀሪቦ» የሚለውን ስም ያጣል።

ሐይቅ ዳር፦ ካነሣኸው አይቀር፣ ሥጋው ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ? «የክርስቲያን» እና «የሙስሊም» ብሎ በትልቁ መለጠፍ እንግዳን በር ላይ የመክፈል ያህል ይከብደኛል። አንዱ ላይ «ሐላል» ተብሎ ሌላው ዝም ቢባል አይበቃም?

ቦርከና፦ አይበቃም። ዝም የተባለው ምን እንደሆነ ሰው ሊገምት ነው? በአንድ ቤት አጎት ሐጂ፣ አክስት ቆራቢ በሆኑበት አገር ይኼ ማንንም አያስቀይምም፤ የሚያስቀይመው ተሳስቶ መብላት ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

ሐይቅ ዳር፦ ጻፉ ካልክ ይጻፍ፤ እኔ ግን ሁለት ድንኳን አፍ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ «ኑ በዚህ» ማለቱን እመርጣለሁ። አብረው የመጡ ጓደኛሞች በየፊናቸው አንስተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ።

ከሚሴ መንገድ፦ ካርድ፣ ካርድ ትላላችሁ፤ እንግዳው ሁሉ አማርኛ ያነባል ያለው ማነው? ወደ ከሚሴ ከሆናችሁ ከአማርኛው ሥር ኦሮምኛውን በቁቤ ጨምሩ። ከገጠር የመጡ ትልልቅ ሰዎች ግን በየትኛውም አያነቡም፣ መነጽርም ይዘው አይመጡም። ለእነሱ የቡፌው መጀመሪያ ላይ ሰሐን የሚሰጠው ልጅ «እማማ፣ ከዚህ እስከዚህ ጾም ነው፣ ከዚያ በኋላ ቅቤ አለው» ይበላቸው። የቻለም ምግባቸውን ተሸክሞ ጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጥላቸው፤ አዛውንትን ማሰለፍ ራሱ ነውር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እንጀራው። «ንጹሕ ጤፍ» ብላችሁ ካርድ ላይ አትጻፉ፣ ጋጋሪዋ ራሷ ካላረጋገጠች በቀር። ማሽላ ቢቀየጥ ማንንም አይጎዳም። ስንዴ ወይም ገብስ ከተቀየጠበት ግን ስንዴ ሆዱ የማይቀበል ሰው ያንን ጽሑፍ አምኖ ይታመማል።

ሸርፍ ተራ፦ እሺ፣ ካርዱን ተቀበልኩ፣ የወንበሩን ግን አልተቀበልኩም። የዶሮዬን ጥያቄ ማንም አልመለሰልኝም፦ ሲያልቅስ? «ዶሮ ወጥ» የሚለው ካርድ ባዶ ብረት ፊት ቆሞ ይቅር?

ወረቀትና ቀለም፦ ብረቱ ሲነሳ ካርዱም አብሮ ይነሳ። ሲታተም አራት አምስት ባዶ ካርድ ጨምራችሁ አስቆርጡ፤ በዶሮው ቦታ ቀይ ወጥ ከገባ እዚያው በወፍራም ማርከር ተጽፎ ይቆማል።

ሸርፍ ተራ፦ ማርከሩስ ማን እጅ ይሁን? ሚዜ?

እናት ጓዳ፦ ሚዜማ ይጨፍራል ልጄ። ጓዳ በር ላይ ቆማ ድስት ለምታስወጣው ሴት ስጧት፤ ምን እንዳለቀ ከእሷ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።