«ተከማችተው ኖሩ» ያለው ሰውዬ

አስቴር (ረሆቦት)፦ ትናንት እዚህ እስራኤል በሬዲዮ አንድ ተናጋሪ «ኢትዮጵያውያን አንድ ሰፈር ተከማችተው ስለኖሩ ነው ልጆቻቸው ወደኋላ የቀሩት» አለ። እስካሁን ውስጤ ይቃጠላል። እኔ እንደዚያ ካሉት ሰፈሮች አንዱ፣ ቂርያት ሞሼ ነው ያደግኩት። የሚከማች እህል ነው፤ እኛ ሰዎች ነን። እናቴ ጽዳት ሥራ ስትውል ቁልፋችን ሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት ጋ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንጀራው ተሸፍኖ ይጠብቀኛል።

ዳዊት (ነታንያ)፦ እህቴ፣ በእንጀራው ማን ተከራከረሽ? ክፍላችን ውስጥ ሁላችንም ማለት ይቻላል የኢትዮጵያ ልጆች ነበርን። ዕብራይስጥ ከማን እንማር? ሰውዬው ቃሉን አልመረጠም እንጂ ሐሳቡ ውሸት አይደለም።

ጋሽ ይስማው (ቂርያት ማልአኪ)፦ ነገሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። ማን አከማቸን? እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ገባ። ብዙው ካራቫን፣ ተገጣጣሚ ጊዜያዊ ቤት ውስጥ ከረመ። በ1993 የመንግሥት የቤት ብድር ሲመጣ፣ በዚያ ገንዘብ የሚገኘው ሌላው ለቆት የሚሄደው አሮጌ የአፓርታማ ብሎክ ነው። በ2012 እዚሁ ከተማችን «ለኢትዮጵያዊ አንሸጥም፣ አናከራይም» የተባባሉ ጎረቤቶች ነገራቸው ሲወጣ ሰልፍ ወጥተናል። «አከማቿቸው» ይበል፣ ያኔ እሰማዋለሁ።

ዳዊት፦ ያኔስ እሺ ጋሼ። ዛሬስ? ወንድሜ ጥሩ ደሞዝ አለው፤ አሁንም እዚያው ብሎክ ነው። «እማዬን ትቼ የት እሄዳለሁ» ይላል።

አስቴር፦ እናትን አለመተው ጥፋት ሆነ?

ሩት (ሐደራ)፦ እኔ በ12 ዓመቴ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ዘውዲቱ ነበርኩ፤ እዚያ ሩት አሉኝ። ለበዓል ቤት ስመጣ ከአባቴ ጋር የማወራበት አማርኛ እያለቀብኝ ሄደ። ሰፈር ገብቼ ዘውዲቱ ብለው ሲጠሩኝ ነበር ነፍሴ የምትመለሰው።

ዳዊት፦ እኔ ለዚህ የበቃሁት በፕኒሚያ ነው። ምስጋና ቢስ አንሁን።

ጋሽ ይስማው፦ ምስጋና ቢስ ያልከው ማንን ነው? ሁለት ልጆቼን ሱዳን፣ ኡም ራኩባ ስደተኛ ካምፕ ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ኢየሩሳሌም ስገባ መሬቱን ስሜያለሁ። ምስጋናን አንተ አታስተምረኝም።

ዳዊት፦ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ እርስዎን አላልኩም። ግን አስቴር ትመልስልኝ። ልጆችሽን የት አስመዘገብሻቸው?

አስቴር፦ ከከተማው ማዶ።

ዳዊት፦ በቃ፣ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

አስቴር፦ አይደለም። ከዓርብ ማታ ጀምሮ እናቴ ጋ ናቸው። የቤተ እስራኤል ቄሳችን የሰንበቱን ዳቦ ሲባርኩ አጠገባቸው ይቆማሉ። ትምህርት ቤቱን የመረጥኩት መምህራን ስላሉት ነው፤ ከእናቴ ሰፈር ላርቃቸው ብዬ አይደለም። እዚህም መምህር ይመደብ!

ሩት፦ እሱን ነው መጠየቅ። ሬዲዮ ላይ ግን ማንም አልጠየቀው።

ዳዊት፦ አሁንም ቃሉን ብቻ ነው የያዛችሁት።

አስቴር፦ አዎ፣ ይዤዋለሁ። አልለቀውም።