ደሴ ላይ «የኦቲዝም አማካሪ ነኝ» የሚልን ሰው በምን እናጣራው?

የሐይቋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ኦቲዝም አለበት ተብሏል። ደሴ ውስጥ አንድ ሰው የባህሪ ቴራፒስት ነኝ ብሎ በወር ብዙ ብር ጠየቀን። ግድግዳው ሙሉ ሰርተፍኬት ነው፤ ግን የምን እንደሆነ አልገባኝም። ምን ልጠይቀው?

ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ማን እንደሰጠው እይ። አርቢቲ (RBT) የሚባለው የ40 ሰዓት ስልጠና የወሰደ የባህሪ ቴራፒ ረዳት ነው፤ በባለሙያ ሥር ነው የሚሠራው፣ ለብቻው ፕሮግራም አያወጣም። ቢሲቢኤ (BCBA) የሚባለው ዋናው የባህሪ ባለሙያ ወረቀት ግን ማስተርስ፣ ክትትል ያለው ልምምድና ፈተና ይጠይቃል፣ የሰውዬውንም ስም ኢንተርኔት ላይ ካለው መዝገብ ማየት ትችያለሽ። ይሄ ወረቀት የለውም ማለት ሥራውን አይችልም ማለት አይደለም፤ ልዩ ፍላጎት ወይም ሳይኮሎጂ ተምሮ ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር የቆየ ሰውም ይጠቅማል። ብቻ ያልሆነውን ነኝ አይበል።

የወልድያው አባት፦
ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሲሠራ ቁጭ ብለሽ የማየት መብት አለሽ። «አትግቢ» ካለሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። «በሦስት ወር አድነዋለሁ» የሚል ደግሞ ወላሂ ይዋሻል፤ ኦቲዝም በመድኃኒት የሚጠፋ በሽታ አይደለም። ልጁን ከማየቱ በፊት ዋጋ የሚቆርጥም አይመቸኝም።

የሐይቋ እናት፦
አላህ ይስጣችሁ። እኔንም በር ላይ ነው ያስቀመጠኝ። ሰኞ ሄጄ ሥራውን ማን እንደሚከታተለው እጠይቀዋለሁ።