በከስተም ሮቦ አሬና ጠንካራ ጠመንጃ ይዘን ለምን እንሸነፋለን?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜና እኔ ኖይዝ የተባለ ኩባንያ ሠርቶት ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካና በአውሮፓ ለገበያ ያቀረበውን ከስተም ሮቦ አሬና የተሰኘ፣ ሮቦት ገጣጥመው የሚዋጉበት የዲኤስ (በእጅ የሚያዝ የኒንቴንዶ መጫወቻ መሣሪያ) ጨዋታ ይዘናል። ጨዋታውንና ዲኤስ ላይቱን የላከችልን በአሜሪካ የምትኖር አክስታችን ናት። ሮቦቱ ከአካል፣ ከጠመንጃ፣ ከቦምብ፣ ከፖድ (ተለቆ በራሱ የሚንቀሳቀስ ትንሽ መሣሪያ) እና ከእግር እንደሚገጣጠም ታውቃላችሁ። እኛ ፈጣን አካል መርጠን ካሉን ጠመንጃዎች ሁሉ ኃይለኛውን ብናስታጥቀውም፣ ውድድሩ ከበድ ማለት ሲጀምር በተደጋጋሚ እንሸነፋለን። እዚህ አዳማ የማውቃቸው ተጫዋቾች በፕሌይስቴሽን ቤት እግር ኳስ እየተጫወቱ ያደጉ ስለሆኑ ስለዚህ ጨዋታ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም። ክፍሎቹን በምን መመዘኛ ልምረጥ? ሐዋሳ ያለው የአጎታችን ልጅም ይኸው ጨዋታ አለው፤ በኢንተርኔት ልንገጥመው እንችላለን?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ጠመንጃ ሲመርጡ የሚያዩት የጥቃት ኃይሉን ብቻ ይመስለኛል። ከኃይሉ ጎን የጥይቱ ፍጥነት፣ ዒላማውን ተከትሎ የመታጠፍ ችሎታው፣ ዳግም ለመተኮስ የሚወስደው ጊዜና ተቃዋሚን የመጣል አቅሙም መታየት አለባቸው። ኃይለኛ ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ ተኳሹን ለአፍታ አቁሞ ስለሚያስቀር፣ ፈጣን አካል ላይ ሲገጠም የአካሉ ጥቅም ይባክናል።

ከሁሉም በላይ ግን ሦስቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ መደጋገፍ አለባቸው። የጠመንጃ ጥይት በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ግድግዳ ያግደዋል፤ ቦምብ ከግድግዳው በላይ ተወርውሮ ከኋላው ያርፋል፤ ፖድ ደግሞ ወለሉ ላይ እየተንቀሳቀሰ ተቃዋሚውን ከተሸሸገበት ያስወጣዋል። ስለዚህ ፖድና ቦምብ ተቃዋሚው እንዲዘል ወይም እርስዎ ወደሚፈልጉት አቅጣጫ እንዲሸሽ ለማስገደድ፣ ጠመንጃው ደግሞ እዚያ ሲደርስ ለመምታት የሚያገለግሉ ተደርገው ቢመረጡ ውጤቱ በእጅጉ ይለወጣል። ግድግዳ በበዛበት ሜዳ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት ብቻ ይዞ መግባት ግማሽ ትጥቅ ይዞ እንደመግባት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሮቦት በተደጋጋሚ ሲመታ ይወድቃል፤ ሲነሳ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ጥቃት አይነካውም። በዚያች ጊዜ መተኮስ ከንቱ ስለሆነ ርቀት ይዞ ቦታ ማስተካከል ይሻላል።

መልስ 2፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። እኔ ብሆን ከጠመንጃው በፊት እግሩን እመርጣለሁ። ማንኛውም ሮቦት ዘልሎ ወይም በአየር ላይ ተስፈንጥሮ መሬት ሲነካ ለቅጽበት መንቀሳቀስ አይችልም፤ ጥሩ ተጫዋችም የሚጠብቀው ይህችን ቅጽበት ነው። እግር የሮቦቱን የመሬት ላይ ፍጥነትና የዝላዩን ሁኔታ ስለሚለውጥ የት፣ መቼና እንዴት እንደሚያርፉ የሚወስነው እሱ ነው። ወንድምዎ ያለማቋረጥ የሚዘል ከሆነ የትኛውም ጠመንጃ አያድነውም። በየሽንፈቱ ክፍል ከመቀያየር ይልቅ አንዱን ሮቦት ይዞ፣ ከግድግዳ ጀርባ ማረፍን እስኪለምድ ድረስ ቢቆይ እመክራለሁ።

መልስ 1 (በድጋሚ)፦
ስለ ማረፍ የተባለውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ሆኖም እግር ከአካሉ ተነጥሎ አይመረጥም፤ በአየር ላይ ለሚዋጋ አካል የሚስማማው እግር በመሬት ላይ እየተሽሎከለከ ለሚዋጋው ላይስማማ ይችላል። በመጀመሪያ አካሉን ይወስኑ፤ እግሩን ከዚያ ያስከትሉ።

መልስ 3፦
ሁለተኛው ጥያቄ ስለታለፈ እኔ ልመልስ። የዲኤስ ጨዋታዎችን በኢንተርኔት ያገናኝ የነበረውን አገልግሎት ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2014 ስለዘጋው፣ ከአዳማ ሆናችሁ ሐዋሳ ካለው ዘመዳችሁ ጋር በዚያ መንገድ መጋጠም አትችሉም። ይሁን እንጂ ሁለት መሣሪያዎች ተቀራርበው በገመድ አልባ የሚገናኙበት መንገድ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ዛሬም ይሠራል። ለበዓል አዳማ ሲመጣ መሣሪያውንና የራሱን የጨዋታ ካርድ ይዞ ይምጣ፤ እያንዳንዳችሁ በየካርዳችሁ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሮቦት ይዛችሁ ትገጥማላችሁ። ጨዋታው ከኮምፒውተር ተቃዋሚ ይልቅ በሰው ላይ እጅግ የሚጣፍጥ በመሆኑ ይህን ዕድል እንዳታሳልፉት።

መሣሪያው ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ቻርጀሩንም አደራ እላለሁ። በአሜሪካ የሚሸጠው የዲኤስ ላይት ቻርጀር ለ120 ቮልት የተሠራ ሲሆን የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ቮልት ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ አትሰኩት። በጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብባችሁ፣ አውሮፓ የሚሸጠውን ቻርጀር ወይም ለዲኤስ ላይት የሚሆን የዩኤስቢ ገመድ ብትፈልጉ ይሻላል።