ስኩዊዱ ይሠራል፣ ጥያቄው ግን ሰርን ድረስ ይሄዳል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሲኤምኤስ (በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን ያለ ሙከራ) ሥራዎች የፍሮንቲየር ስኩዊድ፣ ማለትም ከሰርን የመረጃ ቋት የመጣን መልስ ይዞ ለሚደጋገም ጥያቄ የሚመልስ ፕሮክሲ፣ በ3128 ፖርት ተክለናል። በክላስተሩ ባንዴ 1500 ያህል ሥራ ይሄዳል። ሥራዎቹ ሳይወድቁ ያልቃሉ፤ ሎጉ ላይ ያለው ግን «ቲሲፒ ዲናይድ 403» (ተከልክሏል) ብቻ ነው። ስኩዊድ ዶት ኮንፍ በሚባለው የቅንብር ፋይል ውስጥ ኔትወርካችንን ጨምረን ነበር፣ ሰርቪሱ ሲነሳ የጨመርነው ጠፋ። ምን አጠፋን?

መልስ 1፦
ጥፋቱ ፋይሉ ላይ ነው። ስኩዊድ ዶት ኮንፍ በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚጻፍ፣ ለውጡ የሚገባው ከስተማይዝ ዶት ኤስኤች ውስጥ ነው። እዚያ «ኔት ሎካል» የሚለውን መስመር ፈልጉ። ከመነሻው የሚፈቅደው 10.0.0.0/8ን፣ 172.16.0.0/12ንና 192.168.0.0/16ን የመሳሰሉ የውስጥ አድራሻዎችን ነው። ኖዶቻችሁ (ሥራዎቹ የሚሄዱባቸው ማሽኖች) የውጭ አድራሻ ካላቸው ይከለከላሉ። በግምት አትጻፉ፤ ሎጉ ላይ የተከለከለውን የምንጭ አድራሻ አይታችሁ ያንን ክልል ብቻ ጨምሩ፣ ከዚያ ሪሎድ (ቅንብሩን ዳግም ማስነበብ)። ለዓለም ሁሉ መክፈት ግን አይታሰብም።

ሥራው ያልወደቀው ደንበኛው (ሥራው ውስጥ ያለው ጠያቂ ፕሮግራም) ፕሮክሲው እምቢ ሲለው በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ስለሚዞር ነው። ችግሩን የሚሸፍነውም ይኸው ነው፤ ሸክሙ በሰርን የኦራክል የመረጃ ቋት ፊት ባሉት የቶምካት ዌብ ሰርቨሮች ላይ ይወድቃል።

መልስ 2፦
ሙከራውን ከስኩዊዱ ማሽን ሳይሆን ከአንድ ኖድ አድርጉት። አንዱን ጥያቄ ሁለቴ ላኩ፤ መጀመሪያ «ሚስ» (መልሱ ስኩዊዱ ጋ የለም)፣ ቀጥሎ «ሂት» (መልሱ ተይዟል) መታየት አለበት።

1500 ሥራ ባንዴ ሲነሳ 1024 የፋይል ዲስክሪፕተር (ባንዴ የሚከፈቱ ፋይሎችና ግንኙነቶች ገደብ) አይበቃም፣ ከፍ አድርጉት። ራሙንም በሙሉ ለስኩዊድ አትስጡት፤ ከዲስክ የሚነበበውን የሚያፈጥነው ሊኑክስ በተረፈው ራም የሚይዘው ካሽ (በቶሎ እንዲገኝ የተያዘ ቅጂ) ነው። የካሽ ዲስኩ ማሽኑ ላይ ያለ ይሁን፣ ኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ የሚደረስበት ዲስክ) ላይ አይሁን።

ጠያቂው፦
ልክ ናችሁ፣ የውጭ አድራሻ ነበር። አሁን ሁለተኛው «ሂት» አለ። ግን የራሳችን አንድ ፕሮግራም ሁልጊዜ «ሚስ» ነው።

መልስ 3፦
ፍሮንቲየር ኤስኪውኤሉን (ለመረጃ ቋቱ የሚቀርበውን ጥያቄ) ዩአርኤል ውስጥ አሽጎ በኤችቲቲፒ ይልካል፣ ስኩዊድ ደግሞ የሚያውቀው ዩአርኤሉን ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በጥያቄው ውስጥ የየክስተቱን (የየቅንጣት ግጭቱን) ትክክለኛ ሰዓት ካስገባ እያንዳንዱ ዩአርኤል አዲስ ይሆናል፤ መልሱ አንድ ቢሆንም ካሹ አይረዳም። ሰዓቱን ወደ ተወሰነ ክልል አጠጋግቶ መጠየቅ፣ ወይም በራን (በመረጃ መሰብሰቢያ ዙር) ቁጥር መጠየቅ ይሻላል። ስኩዊዱን መነካካት ለዚህ መፍትሔ አይደለም።