ከብጣሽ ጨርቅና ከሳሳ ጋቢ፦ ለጀማሪ የሚሆን ባለ አራት ማዕዘን ኩዊልት

ጥያቄ፣ ከቢቸና ልጅ (አሁን ሚኒሶታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከመጣሁ ገና ወራት ነው። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ከሕፃን ልጄ ጋር ቤት እውላለሁ። ብርዱ ከደጅ አላስወጣ ብሎኛል። ከአገር ስነሳ እናቴ ያረጁ ቀሚሶቿንና አንድ የሳሳ ጋቢ «ለልጁ ይሆንሻል» ብላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። እዚህ ጎረቤቴ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የሰፋችውን፣ ኩዊልት የሚሉትን ብርድ ልብስ አሳየችኝና ልቤ እዚያው ቀረ። ስፌት ብዙም አልችልም። እንደ እኔ ያለ ጀማሪ ይሞክረዋል? ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ ልጅ (አሁን ዴንቨር)

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ልጅሽንም እግዜር ያሳድግልሽ። አዎ፣ በደንብ ትችይዋለሽ። ቀጥ አድርጎ መቁረጥና ቀጥ አድርጎ መስፋት ከቻልሽ ሌላው ትዕግሥት ነው። አበባና ኮከብ የሚሠሩትን አይተሽ እንዳትፈሪ። ለመጀመሪያው እኩል እኩል አራት ማዕዘን ብቻ ይበቃል።

ኩዊልት ሦስት ድርብ ነው። ላይኛው የተቀጣጠለው ጨርቅ ነው። መሃሉ ሙቀቱን የሚይዘው ነው። ሥሩ ገበሩ ነው። ሦስቱን በስፌት ወይም በቋጠሮ አንድ ላይ ትይዣቸዋለሽ። ለመሃሉ እዚህ ሱቅ ባቲንግ የሚሉት የጥጥ ወይም የፖሊስተር ንጣፍ ይሸጣል። አንቺ ግን ጋቢ አለሽ! እኔ ከጋቢ የተሻለ መሃል አላውቅም። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፣ ተደራርቦ የተሠራ ነው፣ ቢሳሳም ያሞቃል። ደግሞ ሸማኔ የሠራው ስለሆነ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ አይሰበሰብም። ርካሽ ባቲንግ ግን በደንብ ካልተያዘ ይቋጠራል። ጋቢው የተበሳ ቦታ ካለው በእራፊ ጣፊው። ከውስጥ ስለሚሆን አይታይም።

ቀሚሶቹን ከመቁረጥሽ በፊት እናትሽን ደውለሽ ጠይቂያት። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው። የትኛው ለሠርግ የተለበሰ፣ የትኛው የሐዘን እንደነበር እሷ ነች የምታውቀው። አንዳንዱን «አትንኪው» ትልሽ ይሆናል። የቀረውን ወደ መስኮት ብርሃን አንስተሽ እዪው። ብብቱና ክርኑ አካባቢ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ተይው። ጠንካራው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ዘርፉ አካባቢና ከጀርባው ይገኛል።

ጥጥን ከጥጥ ጋር ብቻ አድርጊ። ተንሸራታች ፖሊስተርና ሹራብ መሰል የሚለጠጥ ጨርቅ ጀማሪን ያማርራል። የአገር ልብስ ከሆነ ደግሞ ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ጠርዙ ይተረተራል። በካውያ የሚለጠፍ ስስ ጨርቅ ከስፌት ዕቃ መደብር ግዢና ከጀርባው ለጥፈሽ ከዚያ ቁረጪው። ጥበቡን ግን አትቆራርጪው። ወፍራም ስለሆነ መጋጠሚያው ላይ ያብጣል፣ ሲቆራረጥም ውበቱ ይጠፋል። እንዳለ አውጥተሽ በአንድ ጠርዝ በኩል ሙሉውን ብታስኬጂው ግሩም ይሆናል።

ሁሉንም አስቀድመሽ በሙቅ ውኃ እጠቢ። ጋቢውንም ጭምር። የእጅ ሽመና ይሰበሰባል፣ ከተሰፋ በኋላ ከሚሰበሰብ ቀድሞ ቢሰበሰብ ይሻላል። ቀይና ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ሊለቅ ይችላል። በነጭ እራፊ እርጥቡን አሽተሽ እዪ። እራፊው ከቀላ ደጋግመሽ እጠቢ።

አሁን ልኬቱ። ከካርቶን 22 በ22 ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጪ። የቁርስ እህል ካርቶን ይበቃል። ማዕዘኖቹን በደብተር ጥግ አስተካክዪ። የእኛ አገር ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት በስስ የሳሙና ቁራሽ ዙሪያውን አስምሪና በመቀስ ቁረጪ። ሁልጊዜ በክሩ አቅጣጫ ይሁን። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ይለጠጥና ማዕዘኑ አይገጥምም። እዚህ አገር የሚሽከረከር መቁረጫ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ምንጣፍና ግልጽ ማስመሪያ አለ። ሥራውን በጣም ያፈጥናል። ግን ለመጀመሪያው ግድ አይደለም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ።

42 ቁራጭ ያስፈልግሻል። ስድስት ወደ ጎን፣ ሰባት ወደ ታች። በሁሉም ጎን 1 ሴንቲሜትር ለስፌት ሲገባ እያንዳንዱ 20 ሴንቲሜትር ይቀራል። ስለዚህ የሚወጣው 120 በ140 ነው። ሶፋ ላይ ሁለት ሰው እግሩን ይሸፍንበታል። ከቀሚሶቹ 42 ካልወጣ አቡጀዲ የመሰለ ተራ ነጭ ጥጥ ጨምሪ። 110 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ ዳርና ዳሩ ሲወጣ በአንድ ረድፍ 4 ቁራጭ ይገኛል።

እዚህ ተቆርጦ የሚሸጥ ጥቅልም አለ። ባለ 5 ኢንች ነው፣ ብዙ ጊዜ 42 ቁራጭ ይይዛል። እሱን ከገዛሽ ግን ስፌቱ ሩብ ኢንች ይሁን፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። የፈረንጆቹ መመሪያ ሁሉ በዚህ ልኬት ነው የሚሠራው። ለራስሽ ስትቆርጪ ግን 1 ሴንቲሜትር ለጀማሪ እጅ ይመቻል። ዋናው ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የልኬት ምልክት የሚሆን ፕላስተር የስፌት መኪናው ላይ ብትለጥፊ እጅሽ አይስትም።

ቁራጮቹን አልጋ ላይ ደርድሪያቸው። ደማቁን ከፈዛዛው አፈራርቂ። ከዚያ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ጥቁር ከጥቁር ጋር የተከመረበት ቦታ ወዲያው ይታይሻል። ደስ ሲልሽ በየረድፉ የመጀመሪያ ቁራጭ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በስፒል ያዢበት። ልጁ ቢነሳና ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ተራው አይጠፋም።

መጀመሪያ እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ስፊ። ሁለት ቁራጭ ፊት ለፊት አጋጥመሽ ቀጥ አድርገሽ ትሰፊያለሽ። ጥንድ ጥንዱን ክሩን ሳትቆርጪ እየተከታተልሽ ብታሳልፊው ጊዜም ክርም ታተርፊያለሽ። በኋላ መሃል መሃሉን መቁረጥ ነው።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ያዢው። ኩዊልት የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን ረድፍ ስትጨርሺ በካውያ ተኩሺው። የአንደኛውን ረድፍ ስፌት ትርፎች በሙሉ ወደ ግራ፣ የሁለተኛውን በሙሉ ወደ ቀኝ፣ የሦስተኛውን እንደገና ወደ ግራ። ረድፍ ከረድፍ ስታጋጥሚ ሁለቱ ትርፎች በተቃራኒ ስለሚተኙ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። በጣትሽ ስትዳስሺው ይሰማሻል። እዚያ ላይ ስፒል ሰክተሽ ከሰፋሽ አራቱ ማዕዘን አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። ካውያውን ደግሞ ጫኚው እንጂ አትግፊው። መግፋት ጨርቁን ይለጥጣል።

ለገበሩ 140 በ160 ሴንቲሜትር የሆነ ጥጥ፣ አሮጌ አንሶላም ቢሆን፣ ወለል ላይ ግልብጥ አድርገሽ ዘርጊና ጠርዙን በፕላስተር ወጥሪው። ጋቢውን ከላዩ አንጥፊ። ከዚያ የሰፋሽውን ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ደርቢው። ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር እጅሽን እያሳለፍሽ፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ በመርፌ ቁልፍ ያዢው።

ሦስቱን ድርብ በመኪና መስፋት ይቻላል፣ ግን ለመጀመሪያው ቋጠሮ ነው የምመክርሽ። ወፍራም የጥጥ ወይም የሹራብ ክር በትልቅ መርፌ አስገቢ። አራት ማዕዘኖች በሚገናኙበትና በየቁራጩ መሃል ከላይ ወደ ታች ወግተሽ መልሰሽ አውጪው። ሁለት ጊዜ ጠበቅ አድርገሽ ቋጥሪና ትንሽ ጫፍ ትተሽ ቁረጪ። ለዚህ መኪና አያስፈልግም፣ ድምፅም የለውም። ባቲንግ ከተጠቀምሽ ግን በየስንት ርቀት መያዝ እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ስለሚጻፍ አንብቢው።

ለጠርዙ ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው። ጋቢውን ከላይኛው ጨርቅ እኩል ቁረጪ። ገበሩን ግን ዙሪያውን 4 ሴንቲሜትር አስተርፊ። ትርፉን አንድ ጊዜ በግማሽ እጠፊ፣ እንደገና ወደ ፊት አጥፈሽ ቀምቅሚው። አለቀ።

መኪና ከሌለሽ አትግዢ። መጀመሪያ በአቅራቢያሽ ያለውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቂ። በብዙ ከተሞች የስፌት መኪና እዚያው የሚያስጠቅሙ፣ አንዳንዶቹም የሚያውሱ አሉ። በየቤተ ክርስቲያኑና በአረጋውያን ማእከላት የሚሰበሰቡ ኩዊልት ሰፊዎችም አሉ። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂ። እጅሽ ሥራ ላይ ሲሆን እንግሊዝኛው አያስጨንቅም። ሰው ፊትሽን ሳይሆን ስፌትሽን ያያል፣ «ይሄ የማን ቀሚስ ነበር?» ይልሻል፣ ወሬው ከዚያ ይቀጥላል። አዲስ አገር ላይ ቤት ተዘግቶ መዋል ከብርዱ በላይ ይጎዳል። እኔ እዚህ ጓደኛ ያገኘሁት በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። እዚህ የሕፃናት ሐኪሞች ልጅ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ኩዊልትም ሆነ ትራስ እንዳይገባ ይመክራሉ። ትንፋሽ ያፍናል። እስከዚያ ወለል ላይ አንጥፈሽለት አንቺ እያየሽው ይንፈራገጥበት።

አስተያየት፣ ከሞጣ (አሁን ለንደን)

በጣም ደስ የሚል ነው። ግን እውነት ለመናገር የኔ እናት ብታየው «ልጄ ፈረንጅ አገር ሄዳ ድሪቶ ለበሰች» ብላ ታለቅሳለች። እኛ አገር የተጣፈ ልብስ የችግር ምልክት ነው። ለእንግዳ ፊት ይዘረጋል?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ ልጅ (ዴንቨር)

እህቴ፣ ስሜቱ ይገባኛል። የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። ግን አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ነዋሪዎቿ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩ ጥቁሮች የልጅ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ሱሪና ከዱቄት ጆንያ ሳይቀር ለብርድ ብለው ሲሰፉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ከዚያም ኒውዮርክ በሚገኘው ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር አወጣው። ያንን ያደረገው ድህነታቸው አይደለም። ቀለም የመምረጥና የመደርደር ችሎታቸው ነው።

እኛ ጎጃሞች ደግሞ ከጨርቅ ጋር እንግዶች አይደለንም። እናቶቻችን ጥጥ ፈትለው ቡልኮና ጋቢ አሠርተው ነው ያሳደጉን። የአባቶቻችንን ጎጃም አዘነ የሚባለውን አረንጓዴ ልብስ አስቢው። ያረጀ ካለሽ ከነጭ ጋር አፈራርቀሽ ስፊው። እንግዳ ፊት ዘርጊው፣ እናትሽም መጥታ ስትዳስሰው ሐሳቧን ትቀይራለች ብዬ አምናለሁ።

አስተያየት፣ ከደብረ ማርቆስ

እኔ እዚሁ አገር ቤት ነኝ፣ እህቴ ናት ይህን የላከችልኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር አለን። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ብጣሽ በጆንያ ሞልቷል፣ ግን ትንንሽ ነው፣ 22 አይወጣውም። ግማሹም የተማሪ ዩኒፎርም ነው። የኛ ከተማ ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ለልጆቹ አንድ መሥራት እፈልጋለሁ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ ልጅ (ዴንቨር)

የኔ እናት፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ብርዱ መች ይረሳል! በሐምሌማ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል። አንቺ መኪናውም ጨርቁም፣ እጁ የለመደ ሰውም አለሽ። ከእኛ ትቀድሚያለሽ።

ካርቶኑን 17 ሴንቲሜትር አድርጊው። በ1 ሴንቲሜትር ስፌት 15 ይቀራል። ስምንት ወደ ጎን፣ አሥር ወደ ታች፣ በድምሩ 80 ቁራጭ። 120 በ150 ይወጣዋል። 17 የማይወጣው ብጣሽ ካለ ሁለት ሦስቱን ቀጣጥለሽ ከዚያ በካርቶኑ ቁረጪ። የዩኒፎርሙ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ነው። ለብቻው ለይተሽ ሌላ ሥሪበት፣ ከጥጡ ጋር አታደባልቂው። አንደኛው ሲሰበሰብ ሌላው ስለማይሰበሰብ ይጨማደዳል። ካውያውም ለብ ያለ ይሁን፣ በጣም ከጋለ ያቀልጠዋል።

ለገበሩ አቡጀዲ አቀጣጥለሽ ተጠቀሚ። ወይም በየቤቱ ያረጀ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ አንሶላ አይጠፋም፣ እሱ እንዲያውም ታጥቦ የለሰለሰ ስለሆነ ለልጅ ገላ ይመቻል። ለመሃሉ አሮጌ ጋቢ ከሌለ ሁለት ያረጁ ነጠላዎች ደርቢ። ቡልኮ ግን አታስገቢ፣ ለመርፌም ለልጅም ይከብዳል።

አጠባውን በክረምት አታስቢው። መሃሉ ጋቢ ስለሆነ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ፀሐይ ካላገኘም ይሸታል። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ለሁለት ይዛችሁ ሳትጠመዝዙ ጨምቁትና ገበሩን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ አጥር ላይ አስጡት። ላይኛው ቀለም እንዳይለቅ ነው።