አስቸኳይ! የልጄ ጆሮ መሸፈኛ ተሰበረ፣ ኮንሰርቱ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው

ጠያቂ፦ ወገኖች ድረሱልኝ! ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ሮክ ኮንሰርት ልወስደው ነው። አሁን ከቤት ልንወጣ ስንል የድምፅ መከላከያው ቀጭ አለ። በአናቱ ላይ የሚያልፈው ቅስት ከግራው ጆሮ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው የተሰበረው። በፕላስተር ልጠቅልለው ወይስ ጥጥ ይበቃዋል?

አባወራ፦ ጥጥ ይበቃዋል። እኛ ምን ነበረን?

የሁለት ልጆች እናት፦ ዕድሜው ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ስድስት።

አባወራ፦ ታዲያ የስድስት ዓመት ልጅ እዚያ ምን ያደርጋል? ቤት ይቅር።

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ ቀኑን በጣቱ ሲቆጥር ነው የከረመው። የድስት ክዳን እየደበደበ ከበሮውን በቃሉ ይዞታል። ስለ መከላከያው ንገሩኝ።

ድምፅ ሠራተኛ፦ ጥጥ የሚያስቀረው ድምፅ ትንሽ ነው። በሥራ ቦታ መመሪያ አዋቂ ሰው 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ላይ ቢበዛ 8 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሮክ ደግሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል።

ጊታር ወዳድ፦ ኖይዝ ካንስሊንግ ሄድፎን አድርጊለት።

ድምፅ ሠራተኛ፦ እሱ እንደ አውሮፕላን ሞተር ያለ፣ የማይለዋወጥ ጉምጉምታ ነው የሚያጠፋው። ለከበሮና ለስፒከር አልተሠራም።

ሳቂታው፦ ወጌሻ ጥሩለት! 😂 ግራና ቀኝ ስንጥር ደግፎ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው።

ድምፅ ሠራተኛ፦ ቅስቱ እኮ ሥራው መጫን ነው። ቢታሰርም ካልጫነ ድምፁ በክፍተቱ ይገባል። ፕላስተሩን ተዪው።

አባወራ፦ ጥጡን በቫዝሊን ነካ አድርጊው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እህቴ፣ እንጨት ወይም ብረት በማሽን የሚቆርጥ ጎረቤት የለሽም? እነሱ ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉትን መከላከያ ተዋሺ። የአዋቂ ቢሆንም የጎኑን ማንሸራተቻ እስከ መጨረሻው ስታሳጥሪው ለብዙ ልጅ ይሆናል። ፀጉሩ ከመከላከያው ሥር እንዳይገባ አድርጊ፣ ኮፍያም አታድርጊለት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ጮክ አድርገሽ አንዱን ጎን ትንሽ ከፈት አድርጊ። ልጁ «ወይ!» ካለ በደንብ ገጥሟል ማለት ነው። ካላለ አትውሰጂው።

ጊታር ወዳድ፦ ተጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ስፖንጅስ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ለትልቅ ሰው ጥሩ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የጆሮ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ሳይገባ ይቀርና የገባ ይመስላል።

ጠያቂ፦ ፎቅ ላይ ያለው አናጢ ሰጠኝ! ተለቅ ይላል ግን ስከፍተው «ወይ!» ብሏል። እየወጣን ነው።

ድምፅ ሠራተኛ፦ ከስፒከሮቹ ፊት ራቁ፣ ሚክሰሩ (ድምፁ የሚስተካከልበት ጠረጴዛ) አካባቢ ቁሙ። በየመሀሉ ውጭ አውጥተሽ አሳርፊው። ጆሮዬን አመመኝ ወይም ጮኸብኝ ካለሽ ዘፈኑ እስኪያልቅ አትጠብቂ።

አባወራ፦ ጥጡንም ያዢ ለማንኛውም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እህቴ፣ ነጋ እኮ። ከበሮውን አየው?