ክርክር፦ ኢዳን ራይኸል ለአማርኛ በር ከፈተ ወይስ ማጌጫ አደረገው?

አወያይ፦
ለዛሬ የቀረበው ጥያቄ እስራኤላዊው ድምፃዊና የዘፈን ደራሲ ኢዳን ራይኸል አማርኛን በሥራዎቹ ውስጥ ያስገባበት መንገድ የቤተ እስራኤልን ድምፅ ወደ አደባባይ አወጣው ወይስ የሌላ ሰው ሥራ ማጌጫ አደረገው የሚል ነው። ለማያውቁት ባጭሩ፦ ራይኸል በ1977 እስራኤል ውስጥ በክፋር ሳባ ከተማ የተወለደ፣ የዘር ሐረጉ ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች የሚመዘዝ ሙዚቀኛ ነው። በልጅነቱ አኮርዲዮን ተማረ፤ ከወታደራዊ አገልግሎቱ በኋላም ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶች በሚኖሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ተንከባካቢ ሆኖ ሲሠራ የማህሙድ አህመድን፣ የአስቴር አወቀንና የጂጂን ዘፈኖች ከወጣቶቹ ሰማ። «የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበሙ በ2002፣ «ሚማዓማኪም» የተሰኘው ደግሞ በ2005 ወጡ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ እስራኤል መንግሥት ፖሊሲ የሚደረገው ክርክር ሌላ ጊዜ ይደርሰናል፤ ዛሬ ከሙዚቃው እንዳንወጣ አደራ እላለሁ።

ከኔታንያ፦
በግንቦት 1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ከተወሰድነው ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዱ ስለሆንሁ፣ ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኖርሁት ተነሥቼ እናገራለሁ። ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስሜን ለውጠው የዕብራይስጥ ስም ሰጡኝ፤ አውቶቡስ ላይ ከእናቴ ጋር ስንሳፈር አማርኛ የምንነጋገረው በሹክሹክታ ነበር። በ1996 ደግሞ የእኛ ሰዎች የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል መኖሩ ታወቀ፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በተደረገው ሰልፍ ላይ የታየው ቁጣ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እንግዲህ ከዚያ ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በዚያው አውቶቡስ ውስጥ፣ ሬዲዮው የአማርኛ ቃል ያለበት ዘፈን አጫወተና ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው። ዝቅ አላደረገውም፤ ከፍ አደረገው። ያን ቀን የተሰማኝን ነገር «ማጌጫ» በሚል ቃል ሊያስረዳኝ የሚችል ሰው አላገኘሁም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የኔታንያው ወንድሜ የነገሩንን በአክብሮት ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፍ ያደረገው አማርኛውን ወዶ ነው ወይስ አማርኛው በሚያውቀው ዕብራይስጥ ተጠቅልሎ ስለ ቀረበለት ነው ብዬ መጠየቄ አይቀርም። እነዚያን ሁለት አልበሞች በጥሞና ላዳመጠ ሰው ታሪኩን የሚናገረው፣ የሚወደውና የሚለምነው አብዛኛውን ጊዜ ዕብራይስጡ ነው፤ አማርኛው ብዙውን ጊዜ እንደ አዝማች ሆኖ ይመላለሳል፣ ወይም ከበስተኋላ እንደ ጢስ ይታያል። ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ስም ደግሞ አንድ ነው። የቤተ እስራኤል ድምፃውያን የሆኑት ካብራ ካሳይና ወግደረስ አቪ ዋሳ የዘፈኑበት ሥራ ዓለምን ሲዞር የሄደው በኢዳን ራይኸል ስም ነው። በዓመታት ውስጥ ከ70 የሚበልጡ ሙዚቀኞች የተሳተፉበት ፕሮጀክት በአንድ ሰው ስም ብቻ ሲጠራ፣ የቀሩት ሰዎች ምን ይባሉ? ለብዙ ዓመታት ስላሳደገው ድሬድ ፀጉሩም ሌላ ጊዜ እናገር ይሆናል፤ በኋላ ስለ ቆረጠው ልለፈው።

ከአዲስ አበባ፦
ሙዚቃ አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ከፖለቲካው ይልቅ ወደ ዜማው ማድላቴን ይቅር በሉኝ። የእኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የአዝማሪውም ሆነ የድምፃዊው ጥበብ በድምፆቹ መካከል ባለው መንሸራተትና መርገብገብ ውስጥ ይኖራል። በዚህ ላይ የኪቦርድ ኮርድ፣ ማለትም ባንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ ሲደረብ መርገብገቡ ይቆነጠጣል፣ ቅኝቱም ጠርዙ ይላጫል። ይህን የጀመረው ግን ራይኸል አይደለም፤ የራሳችን የሰማንያዎቹ የኪቦርድ ካሴቶችም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደሉም፤ ልጆቹ አዳሪ ትምህርት ቤት ይዘው የሄዱትም እነዚያኑ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። በበኩሌ የምመሰክርለት አንድ ነገር አለ። ወግደረስም ሆነ ካብራ ሲዘፍኑ ድምፃቸውን ለዕብራይስጡ አድማጭ ብለው አላለዘቡትም፣ አዘጋጁም እንዲያለዝቡት አላደረገም። በእኔ ጆሮ ይህ ከማንኛውም የመድረክ ንግግር በላይ የአክብሮት ምልክት ነው።

ሌላው፣ «ሚማዓማኪም» የሚለው ቃል ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው፤ በዕብራይስጡ ቍጥር 130ኛው፣ በእኛ ዳዊት 129ኛው መዝሙር የሚጀምርበት «ከጥልቅ» ማለት ነው። ግእዙ ጥልቁን «ዕመቅ» ይለዋል፤ ሥሩ ከዕብራይስጡ ጋር አንድ ነው። የቤተ እስራኤል ቄሶች ዳዊትን በግእዝ ሲደግሙ የኖሩ ናቸውና፣ ራይኸል ይህን ቃል የፍቅር ዘፈን መክፈቻ ሲያደርገው፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ወጣቶቹ ከቤት ይዘውት የመጡትን ቃል ነው የነካው። ከርዕሱ የወጣሁ ከመሰላችሁ አወያዩ ያርመኝ።

አወያይ፦
አልወጡም፤ ይቀጥል።

ከረሆቦት፦
እኔ የተወለድሁት እስራኤል ውስጥ ነው፤ አማርኛዬም የቤት አማርኛ ስለሆነ የጽሑፉን ስሕተት አትቁጠሩብኝ። ሁላችሁም ስለ ራይኸል ስትከራከሩ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ዘለላችኋቸው። ድምፃዊቷ አስቴር ራዳ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ በ1985 በኪርያት አርባዕ ተወለደች፤ በ2013 እና በ2014 ያወጣቻቸውን ሥራዎች የዘፈነችው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ በውስጣቸው ግን የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ናኑ ነይ» በራሷ መንገድ አድርጋ አቅርባዋለች። ድምፃዊው ጊሊ ያሎ ደግሞ በሕፃንነቱ በሱዳን በኩል አልፎ፣ ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ባወጣው በዘመቻ ሙሴ የገባ ነው፤ ዝቩሉን ደብ ሲስተም በተባለው የሬጌ ባንድ ውስጥ ዘፈነ፣ በ2017 ደግሞ በራሱ ስም አልበም አወጣ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ሁለቱም የማንም «ፕሮጀክት» አልተባሉም።

ከዚህ የምረዳው፣ ራይኸል የከፈተው በር ለአማርኛ ሳይሆን ለአድማጩ ጆሮ መሆኑን ነው። አስቴርም ጊሊም በዚያ በር አልገቡም፤ የራሳቸውን አንኳኩ። የእስራኤል አድማጭ ግን አማርኛ ሲሰማ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ተለማምዶ ጠበቃቸው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም በ2015 ወታደር የሆነ ኢትዮጵያዊ ልጅ በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታይቶ ቴል አቪቭ ላይ ሰልፍ በወጣን ጊዜ፣ ዘፈኑን የሚወደው ሕዝብ ሁሉ ከእኛ ጋር አልነበረም። ዘፈን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ከዘፋኙም መጠበቅ የለበትም ባይ ነኝ፤ ግን ዘፈኑ ተወደደ ማለት እኛ ተወደድን ማለት እንዳይመስለን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ ከረሆቦት የተናገረችው የእኔን ነጥብ ከእኔ በተሻለ ያስረዳልኛል። አንድ ነገር ላርም፦ ራይኸል በመድረክ ላይ መሀል ቆሞ ሳይሆን ከኪቦርዱ ጋር ወደ ጥግ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ እንዲዘፍኑ የፊቱን ቦታ የሚለቅ ሰው መሆኑን አይቻለሁ፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል። ቅሬታዬ ግን በ2008 ከወጣው «በቅጥሬ ውስጥ» ከተሰኘው አልበም ጀምሮ ይጠነክራል። የኬፕ ቨርዴዋ ማይራ አንድራዴና የኮሎምቢያዋ ማርታ ጎሜዝ ገቡ፣ ቋንቋው በዛ፣ አማርኛም ከብዙዎቹ አንዱ ሆነ። በ2016 ወደ ግል አልበሙ ሲሻገር ደግሞ በራሱ ድምፅ ስለ ራሱ ቤት ዘፈነ። መብቱ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውን እርምጃ የተራመደባቸው ድምፆች በኋለኛው ጉዞ የት እንደ ደረሱ መጠየቅ ምቀኝነት አይባልም።

ከአዲስ አበባ፦
አንድ ሙዚቀኛ በአንድ ቅኝት ላይ ዕድሜውን ሙሉ ይቀመጥ የሚል ሕግ የለም። ሙሉቀን ራሱ ዓለማዊውን ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ሲዞር ማን ከለከለው? የዜማው ባለቤትነትና የክፍያው ጉዳይ ከተነሣ ግን እርሱ ሌላ ክርክር ነው፤ ውሉን ሳናይ መፍረድ አንችልም።

ከኔታንያ፦
ስለ ውል አላውቅም፤ ስለ ስም ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከአውቶቡሱ ቀን በኋላ ዘፈኑን ቤት ውስጥ ለእናቴ አሰማኋት። ዕብራይስጡን አታውቅም፤ አማርኛው ሲመጣ ብቻ ቀና አለችና «ይህች ልጅ የማን ልጅ ናት? አገሯ የት ነው?» አለችኝ። እኛ ዘንድ ዘፋኝ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም፤ ጋዜጠኛው በሬዲዮ የጠራው ስም የራይኸልን ብቻ ነበር። የካብራን ስም፣ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ መወለዷንም ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ መጀመሪያ እንዲህ አትለኝም ነበር?» ብላ ተቆጣችኝ። በዚህች ነጥብ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ ጋር እስማማለሁ። በሹፌሩ ጉዳይ ግን አሁንም አልስማማም።